አረንጓዴዋ ነጥብ

ምንይሉ በሰቆጣ ከተማ የሒሳብ መምህር ነው። ጠዋት ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና ማንም ያላዘዘውን፣ ማንም የማይከፍለውን ሥራ ይሠራል።

ሥራው የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ነው። የመድረኩን ፕሮግራም በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ጽፈው፣ የፈለገ ይውሰድ፣ የቻለ ያሻሽል ብለው ለቀውታል። ምንይሉ ወሰደው። ወደ አማርኛ መለሰው፤ ለሰቆጣ ደካማ የስልክ መስመር እንዲመች አድርጎም ጠጋገነው። እሱ ነገሩን እንደ ደቦ ነው የሚያየው። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ያርማል፣ አዝመራው የሁሉም ነው።

ሠሪው እሱ መሆኑን ግን ከባልደረባው ከጌታሰው በቀር ለማንም አልተናገረም። ዘመኑ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ስለዚህ በመድረኩ ላይ ስሙ "የደቦ ሰው" ነው። ባንቺ የተባለች ሴት በከተማው ኢንተርኔት ቤት ከፍታለች፤ ቤተሰቡንም "ከባንቺ ኢንተርኔት ቤት ደጃፍ እንዳላያችሁ" ብሎ አስጠንቅቋል።

አባላቱ በዙ። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የሚማሩ የዋግ ልጆች ገቡ። እንደ እህቱ እንደ ሰርካለም ዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩትም ገቡ። አባላቱ ሲበዙ ምስጋናው አነሰ፣ ትእዛዙ በረከተ።

"ፎቶው ለምን ቶሎ አይከፈትም?"

"አደርገዋለሁ ያልኸው የት ደረሰ?"

"የሌሎቹ መድረክ ሁሉ ነገር አለው። ያንተን ምን ነካው?"

ምንይሉ አልተበገረም። "ደቦ የመጣን ሰው ምነው ቀስ ብለህ አጨድህ የሚል ካለ ማጭዱ ይኸው" ብሎ ጻፈ። "ፕሮግራሙ ለሁሉም ክፍት ነው። ወርዶ ይጨድ።"

ብዙዎቹ ዝም አሉ። አንዱ ግን ዝም አላለም። ራሱን "አልተውም" ብሎ ያስመዘገበ ሰው ነበር።

የጠቡ መነሻ አንዲት ነጥብ ናት። አንድ አባል በሳምንቱ ውስጥ መድረኩን ከፍቶ ከሆነ ከስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ትበራ ነበር። መስመሩን ታከብዳለች ብሎ ምንይሉ አወጣት። ሌላው ልብም አላለ። አልተውም ወዲያው ጻፈ።

"ነጥቧን መልሳት።"

"አልመልስም። ለምን ፈለግሃት?"

"ለምኑን ተወውና መልሳት።"

"በነጻ የሠራሁትን በነጻ አወጣሁት። ማን ይጠይቀኛል?"

"ምንጭ በነጻ ይፈልቃል። ምንጭ የደፈነ ግን ይረገማል።"

ምንይሉ ደሙ ፈላ። ነገሩን ለጌታሰው አሳየው።

ጌታሰው አንብቦ ሳቀ። "አንተ የዋህ! ማን ገባ፣ ማን አልገባ እያለ እንቅልፍ የሚያጣ ምን ዓይነት ሰው ነው? የሚከታተል ነዋ!"

"አነጋገሩ እኮ የባላገር ነው።"

"ያስመስላል። ተስፋውን አታውቀውም? ባላገር ሲመስል ከባላገሩ ይብሳል።"

ተስፋው የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ነው። የማንን ልጅ የት እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደዋለ ሳይጠይቅ አያልፍም። ምንይሉ ፕሮግራሙን ከፍቶ የአልተውም መልእክቶች ከየት እንደመጡ ተመለከተ። ሁሉም የመጡት እዚያው ሰቆጣ ከባንቺ ቤት ነው። ሁሉም የተጻፉት በገበያ ቀን፣ ቅዳሜ ነው።

"ቅዳሜ ቢሮ የማይገባ ማነው?" አለ ጌታሰው። "ያው ተስፋው!"

በማግሥቱ እሑድ ምንይሉ ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩትን እናቱን፣ እማማ ጥሩሐረግን ሊጠይቅ ሄደ። እናቱ ከስተዋል፤ ቁጡም ሆነዋል።

"የእህትህን ወሬ ሰማህ?" አሉት።

"አልሰማሁም እማዬ። አሠሪዎቿ ስልክ ነፍገዋት ይሆናል። አንቺስ ሁልጊዜ ደህና ናት ትይ አልነበር?"

"እል ነበር" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ሰርካለምን አሰበ። እንደ እሷ ያለች የሰው ልጅ ተደብቃ መድረኩን በከፈተች ቁጥር ተስፋው ሊቆጥርባት ነው? ቤቱ እንደገባ ጻፈ።

"እኔ እያለሁ የማንንም ልጅ ለሰላይ አላሳይም። ብትለምንም አልሰማ፣ ብታስፈራራም አልፈራ። ነጥቧ ላትመለስ ሄዳለች።"

መልሱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከዚያው ከባንቺ ቤት መጣ። "ልብ ካለህ ከተደበቅህበት ወጥተህ ይህንኑ ፊት ለፊት ንገረኝ።"

ምንይሉ ከወንበሩ ተነሣ። አብሮት የነበረው ጌታሰው ክንዱን ያዘው።

"ተው፣ ያሳስሩሃል።"

"ይሰሩኝ! በሰው ላብ አዛዥ ሆኖ ደግሞ ፈሪ ሊለኝ? ዛሬ የዓይኑን ቀለም አየዋለሁ።"

ገበያተኛውን እየገፋ ወረደ። ባንቺ ቤት ደረሰና በሩን ከፈተ። ተስፋው እውነትም በሩ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል።

"ይኸው መጣሁ!" አለ ምንይሉ። "አልመልስም አልሁህ!"

ተስፋው ደንግጦ ቀና አለ። "ምኑን ነው የምትመልሰው መምህር?" የሚያየው የእግር ኳስ ውጤት ነበር።

ይህን ጊዜ ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የባንቺ ጣቶች ፊደሉን ሲመቱ ተሰማ።

"ጻፊለት፣ አንቺ ባንቺ" ይላሉ እናቱ፣ እማማ ጥሩሐረግ፤ "ልጄ ‘ለመጻፍ ፋታ የለኝም፤ አረንጓዴዋ ከበራች አለሁ ማለት ነው’ ብላኛለች፤ አሁን ሰርካለም ትኑር ትሙት በምን ልወቅ፣ አንተ እናት የሌለህ፣ በይው!"