ነፍስ ያለው ስልክ

“ነፍስ አለው!” አለ የስልክ ጥገና ባለሙያው፣ ቻርጅ ላይ የሰካው ስልክ ቦግ ሲልለት። ወዲያው የሟች ስልክ መሆኑ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ። እናትየዋን ግን አልከነከናትም፤ ከልጇ ቀብር ወዲህ ወሬ ሁሉ በጆሮዋ ያልፋል እንጂ ልቧ አይደርስም ነበር። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተፈታተው የተከመሩትን አሮጌ ስልኮች ያያል፤ ባትሪው ለብቻ፣ መስታወቱ ለብቻ፣ ሽቦው ለብቻ።

“እናቴ፣ ለመለዋወጫ ብገዛዎትም ውስጡ ያለውን ሳላጠፋ አልፈታውም፤ ምስጢሩ ሰው እጅ ይገባል። አንዴ ካጠፋሁት ደግሞ አይመለስም። የሚያስቀሩት ነገር የለም?”

“እሱ ራሱ መች ቀረልኝ? አጥፋው።”

ጣቱ ማጥፊያው ላይ ሊያርፍ ሲል ስልኩ ጮኸ። ባለሙያው አየውና ወደ እሷ አዞረላት። ልጇ በየቀኑ እንዲጮህ የሞላው ደወል ነበር፤ ከሥሩም “የእማዬ ኪኒን። ውጫለሁ ካለች አፏን ማየት” ይላል።

እናትየዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ከቀብሩ ወዲህ ያልነካችውን ኪኒን ፈልፍላ አወጣችና ያለ ውሃ ዋጠችው። ከዚያም ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ባዶ ምላሷን አሳየችው።

“በል፣ አሁን አጥፋው” አለች።