ሕመሙ የጠፋ ዕለት

በአውቶቡሶቹ ግቢ የጠዋት ሩጫውን አራተኛ ዙር ሲጨርስ ሹፌሩ ቆም ብሎ ሕመሙን ጠበቀው። አልመጣም። ሁለት ወር ሙሉ ከወገቡ እየተነሳ፣ በጭኑና በባቱ አድርጎ እስከ አውራ ጣቱ የሚወርደው፣ የልጆች አባት የሆነውን ሰውዬ ትራስ የሚያስነክሰው ያ ጠላቱ ዛሬ ደብዛው የለም።

አላመነም። ለጠዋቱ ስምሪት በተደረደሩት አውቶቡሶች መሃል ወገቡን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጠመዘዘ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ነካ። ምንም የለም። እሰይ አለ በሆዱ። ደስታው ግን ሙሉ አልሆነለትም። ከቀኝ ቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው ነገር ከሰው የተዋሰው እንጂ የራሱ አይመስልም፤ ይህ ደግሞ ሰሞኑን ጭራሽ ብሶበታል።

ሐኪሙ ሁለት ነገር ነግሮት ነበር። አንደኛው «መንቀሳቀስ እንዳታቆም፤ ይሄ ተኝተህ የምትድነው ነገር አይደለም» የሚል ነው። ይህችን ለሚስቱም ለባልደረቦቹም ሲያወራ ከረመ። በየማለዳው ግቢውን ሲዞር የሚያዩት ሹፌሮች «ማራቶን» ብለው ስም አወጡለት። ሁለተኛዋን ግን ለማንም ሳይተነፍስ ዋጥ አድርጓታል።

«ጋሼ፣ ወገብዎ ዛሬ እንዴት አደረ?» አለች ቲኬት ቆራጯ፣ የቲኬት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። አንድ አውቶቡስ ላይ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሲያስነጥሰው እንኳ ጉንፋኑን ከየትኛው ፌርማታ እንደጫነው ታውቃለች።

«ድኛለሁ። ድራሹ ጠፋ። ይልቅ በሩን ክፈቺ፣ ሰው ተሰልፏል።»

በሩን አልከፈተችም። ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። «ይሄ የምን ደም ነው?»

እሱም አየ። ሲሚንቶው ላይ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ አለ፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። «ማን ተጎድቶ ነው?» አለ ደንግጦ። ከመካኒኮቹ አንዱ እጁን የቆረጠ መስሎት ፊቱን ወደ ጥገና ክፍሉ አዞረ።

ቲኬት ቆራጯ ነጠብጣቡን በዓይኗ ተከተለችው። የውሃውን ታንከር ዞረ፣ በነዳጅ ማደያው በኩል አለፈ፣ መጥቶ መጥቶ የሹፌሩ ቀኝ ጫማ ሥር አበቃ። «ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ» አለች፣ ቀስ ብላ።

አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። የጣት አንጓ የሚያህል ሚስማር ሶሉን በስቶ ወደ ውስጥ ብቅ ብሏል። ካልሲው ርሷል። ይህን ይዞ ስንት ዙር እንደሮጠ አያውቅም።

«ሶሉ ወፍራም ስለሆነ ነው ያልተሰማኝ» አለ።

«ሶሉማ ወፍራም ነው። ሚስማሩ ግን አልፎታል።» ካልሲውን አወለቀችለትና ቁስሉን በመሐረቧ አሰረችው። ከዚያ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። «በሉ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጣትዎን ስነካዎት ይንገሩኝ።»

«ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?»

«ይጨፍኑ አልኩ።»

ጨፈነ። የተሳፋሪዎቹ ጫጫታ ከአጥሩ ውጭ ይሰማል። የራሱን ልብ ምት ሰማ። እግሩን ግን ፈልጎ አጣው። «አሁን» አለ። «አውራ ጣቴን።» መልስ የለም። «አሁን ደግሞ ትንሿን። አይደል?»

ዓይኑን ሲገልጥ ቲኬት ቆራጯ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው። «ገና አልነካሁዎትም» አለች።

የትናንቱ ትዝ አለው። ትናንት ቁልቁለቱ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ በር ጋ፣ አውቶቡሱ ቶሎ አልቆም ብሎት የእግረኛ ማቋረጫውን አልፎ ነበር የቆመው። «ፍሬኑ ላልቷል» ብሎ መካኒኩን በሰው ፊት አዋረደው። መካኒኩ ፈታቶ አይቶ፣ ደግሞ አይቶ፣ «ፍሬኑ ምንም አልሆነም» ቢለው ሥራ የማይችል ነው ብሎ ንቆት ሄደ።

እሷም ይህንኑ እያሰበች ኖሯል። «ትናንት ፍሬኑ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም። ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። ሕመሙ ጠፍቶ መደንዘዙ ከባሰ ዳንኩ እንዳትል፣ ነርቩ እየሞተ ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ቀን ና ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ለምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዓይኑ የደከመ አንድ ባልደረባቸው «ለሳምንት ብቻ» ተብሎ ቁልፉን አስረከበ፤ ይኸው ሦስት ዓመቱ ጎማ መጋዘን ተቀምጧል። ሹፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት ከመሪ ሌላ ነገር አልጨበጠም። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም።

የስምሪት ሹሟ ወረቀቷን እያገላበጠች መጣች። «ምን ትጠብቃላችሁ? አምስት ደቂቃ አልፏችኋል እኮ።»

ቲኬት ቆራጯ እሱን አየችው። ሹፌሩ እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልፉን አወጣ፤ መዳፉ ላይ ትንሽ አቆየው። «ሌላ ሹፌር መድቢ» አለ። «እግሬ አይሰማኝም።»

ምትክ ሹፌር እስኪመጣ ሌላ አሥር ደቂቃ ሄደ። ሆስፒታሉ መንገዳቸው ላይ ስለሆነ ቲኬት ቆራጯ ደግፋ አስገባችውና ከምትኩ ሹፌር ኋላ ካለው የመጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ተሳፋሪዎቹ እየተጋፉ ገቡ። አንዲት እናት የተኛ ልጇን ታቅፋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ የልጁ ጫማ ጉልበቱን ነካው።

አውቶቡሱ ከግቢው ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ አንድ የጭነት መኪና ፊታቸው ድቅን አለ። ከኋላ የተቀመጠው ሹፌር፣ መሪው የእሱ ይመስል፣ በልማዱ ፍሬን ለመርገጥ ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ተጫነ። መርገጡን ለማወቅ ግን ጎንበስ ብሎ እግሩን ማየት ነበረበት።