በአወል ስም የሚበራ መብራት

ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ቀን ከሌት መብራት የነበረው ልጁን ሰላም አስከባሪ አድርጎ የላከ ቤት ብቻ ነበር። ከበረሃው የሚመጣውን የኤሌክትሪክ መስመር ከየአገሩ የተውጣጡ ባለሰማያዊ ቆብ ወጣቶች ይጠብቁታል። ልጅ ሲመለስ ግን ቤቱም እንደ ሰፈሩ ማታ ማታ ብቻ ይበራለታል።

የሉባባ ልጅ አወል በረሃ ነው፤ ባለፈው ክረምት ጥይት ትከሻውን ጨርፎታል። በእሱ ስም በሚበራው መብራት የሰፈሩ የአረፋ ሥጋ ሁሉ እሷ ፍሪጅ ውስጥ ተከማችቷል። ጎረቤቷ ዘሃራ ድርሻዋን ልትወስድ መጥታ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«እማ፣ ተራዬ አልቋል» አለ አወል። «ልምጣ ወይስ አንድ ዙር ልጨምር? አሁኑኑ መልስ ይፈልጋሉ።»

«ውይ፣ ይሄ ሁሉ ሥጋ ሊበላሽ ነው?» አለች ሉባባ፣ አፏ ቀድሟት።

አወል ሳቅ ብሎ፣ «በቃ እጨምራለሁ» አለና ዘጋው።

የሉባባ ፊት እንደ እሳት ነደደ። መልሳ ብትደውል አያነሳም፤ ብትደግም ስልኩ ተዘግቷል።

«ለኛ ሥጋ አስበሽ ነው፤ አላህ ይስጥሽ» አለች ሁሉንም የሰማችው ዘሃራ።

ሉባባ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቅላ ሥጋውን በየፌስታሉ ታወጣ ጀመር።

«ለየቤቱ አድርሽልኝ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት። «የጠየቀሽ ካለ፣ ልጇ ሊመጣ ነው በይ።»

ዘሃራ ፌስታሎቹን ይዛ ወጣች።