ቢጫው ሰደሪያ

ልብስ ሰፊው መገንጠያው ላይ ሞተሩን አቁሞ እጁን ወደ ዳገቱ ዘረጋ። በሙዚቃቸው የታወቁ ከተሞችን እየዞሩ የሚጎበኙት ሞተረኞች ጠዋት የከበሮዎቹን ከተማ ለቀዋል፤ ዳገቱ ወደ መለከቶቹ ከተማ ይወስዳል። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ መንገድ ጠቋሚ ሆኖ የቆመ ሰው፣ ቢጫ ሰደሪያ የለበሰው የመጨረሻው ሞተረኛ ሳያልፍ ንቅንቅ አይልም። የመጨረሻው ሞተረኛ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ቢጫው በዝናቡ መሀል ብቅ ብሎ አለፈ። ልብስ ሰፊው እፎይ አለና ሞተሩን አስነሣ። ዓይኑ ግን ከሚርቀው ጀርባ አልነቀል አለ። ሰደሪያው በነፋሱ ይርገበገብ ነበር። የወንድሙን ቦርጭ ለክቶ በገዛ እጁ ነው የሰፋው፤ እሱ ላይ ልክክ ይላል እንጂ አይርገበገብም። ሞተሩን አጠፋና እጁን መልሶ ዘረጋ።

አንዱ ክንዱ ሲዝል በሌላው እየቀየረ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። በመጨረሻ ወንድሙ በሸሚዝ ብቻ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ደረሰ።

“ጎማ ፈነዳብኝ” አለ። “ሰደሪያውን ከእኛው ጋር ለምትነዳው ነርስ አልብሻት ነበር፤ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አሳዘነችኝ።” ከዚያ ፊቱን ቋጠረ። “ቢጫው አላለፈም እንዴ? እዚህ ምን ይገትርሃል?”

“ቢጫውማ አልፏል፣ ጋሼ። ያላለፍከው አንተ ነህ።”