የቀኝ አውራ ጣት

«የቀኝ አውራ ጣት ነው የሚለው» አለ ፈታኙ፣ የትርንጎን ግራ እጅ በማስመሪያ ጫፍ ከቀለሙ ሳጥን ገፋ እያደረገ። ቀኝ እጇን የሩዝ መውቂያ ማሽን ከአንጓው በላይ ቆርጦታል። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በፎገራ ሜዳ እንደ እሷ አካላቸው የጎደለ ሰዎችን እያሠለጠነች ወደ ሥራ ስትመልስ ኖራለች። ዘንድሮ ግን የሙያ ብቃት ፈተናውን ያላለፈ ከሥራው ይነሳል ተባለ፤ ወረታ የመጣችውም ለዚሁ ነበር።

«ግራዬ ምን አለው?»

«መመሪያው ቀኝ ይላል፣ እህቴ። እኔ አላወጣሁት።» ሰዓቱን አየና ወደ በሩ ተጣራ። «ጋሼ፣ እስቲ አውራ ጣትዎን ያበድሯት።»

«የኔን?» ሽማግሌው ዘበኛ ደነገጡ። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ፊደል እንኳ አልቆጠርሁ!»

«እርስዎ አይፈተኑም እኮ። የማንም ይሁን፣ ብቻ ቀኝ ይሁን።» ጣታቸውን ያዘና ቀለም አስነክቶ ቅጹ ላይ ከትርንጎ ስም አጠገብ ተጫነው። ከዚያ በጥጥ እየጠረገላቸው ለትርንጎ ፈገግ አለላት። «ይኸው፣ አሁን አንቺ መሆንሽ ተረጋገጠ። ግቢ።»

የአዳራሹ በር ሊዘጋ ነበር። ትርንጎ እስክሪብቶ አንስታ፣ ገና ካልደረቀው አሻራ ሥር በግራ እጇ ቀስ ብላ ጻፈች፤ «ይህ ጣት የእኔ አይደለም።»

ፈታኙ አነበበውና ፈገግታው ጠፋ። «ምን ነካሽ? ቅጹን አበላሸሽው!» አለና በሩን ፊቷ ላይ ዘጋው።