ሦስተኛው ብርጭቆ

ሴት ልጁ ስማቸው እንዳይታይ ሦስቱን የጀርመን ነጭ ወይኖች የእሱን ካልሲ አልብሳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ያ ክፉ ጉንፋን ማሽተት ከከለከለው ሰባት ወር ሆኖት ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ወይን ቀማሽ የነበረ ሰው አሁን የሚለየው ጣፋጩን ከኮምጣጣው ብቻ ነበር።

ከመጀመሪያው ጎንጨት አለ። "ይሄ ኮምጠጥ ይላል።" ሁለተኛውን ቀመሰ። "ይሄኛው ጣፈጥ ይላል። በቃ ልጄ፣ ይሄንንማ ጎረቤትም ይነግርሻል።"

"አባዬ በሞቴ፣ አንድ ነው የቀረው።"

ደስ እንዲላት ብሎ ሦስተኛውን አነሳ። እንደ ልማዱ ብርጭቆውን አሽከርክሮ አፍንጫውን አስጠጋ፤ ወዲያው ፊቱን አጨማደደ።

"አንቺ! ብርጭቆውን በምንድን ነው ያጠብሽው? ላምባ ላምባ ይላል እኮ!"

ካልሲውን ከጠርሙሱ ላይ አወለቀች። ሪዝሊንግ የሚባል የሃያ ዓመት ነጭ ወይን ነበር። ይህ ወይን ሲያረጅ ላምባ ላምባ እንደሚሸት ሙያውን ሲያስተምራት የነገራት እሱ ራሱ ነበር።

ጠርሙሱን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ካልሲውን ከእጇ ነጥቆ አፍንጫው ላይ ለጠፈው።

"ይሄማ አልታጠበም!" አለና እየሳቀ እንደገና አሸተተው።