ባዶው ቁም ሳጥን

ትርሲት ለልጆቿ መኝታ ቤት ያልሞከረችው ነገር የለም። ለምናለች፣ ተቆጥታለች፣ ዕቃቸውን ሁሉ ለልዋጭ እንደምትሰጠውም ዝታለች። ክፍሉ ግን ያው ነው፤ አሻንጉሊቱ ከካልሲው፣ ካልሲው ከደብተሩ ጋር ተጋብቶ ይኖራል።

በፋሲካ ዋዜማ ጠዋት ግን ሶልያናና ታናሽ እህቷ ማርነት ማንም ሳያዛቸው ክፍላቸውን ማጽዳት ጀመሩ። የጠበባቸውን ልብስ፣ የተሰበረውን መጫወቻ፣ አቅፈውት የሚተኙትን አንድ ዓይና ድብ ሳይቀር በማዳበሪያ ሞልተው በር ላይ አወጡት።

ትርሲት በደስታ ለጎረቤቷ ደወለች። «ልጆቼ አደጉልኝ! ምክር እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።»

ስልኩን እንደዘጋች ባሏ ከግቢው ጮኸ። «ትርሲት! በጉ የለም! ገመዱ ብቻ ነው የቀረው!»

ልትወጣ ስትል ልጆቿን ቁም ሳጥኑ በር ላይ ተለጥፈው ቆመው አየቻቸው። ገለል አድርጋቸው ከፈተችው። በጉ የማርነትን ቀይ ሹራብ ለብሶ፣ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቶ ጎመን ያኝካል።

«እማዬ፣ እባክሽ ዝም በይ» አለች ሶልያና በሹክሹክታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ገና አሁን ነው የለመደን።»

የባሏ ኮቴ ወደ ክፍሉ ቀረበ። «እዚህ ገብቶ ይሆን እንዴ?»

ትርሲት የቁም ሳጥኑን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«እዚህ ምን ሊሠራ ይገባል? ሰፈሩን ፈልግ» አለችው። «ካጣኸውም ተወው፤ ዘንድሮ ዶሮው ይበቃናል።»